ያላልኩት አሜን

ባለፈው ሳምንት እሑድ ልጄ ናሆም ምሳ በልቶ ሲወጣ እንደ ልማዴ በር ላይ አቁሜ መረቅኩት። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እዚህ ካናዳ፣ ስካርቦሮ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ይንገዳገዳል እንጂ አሜን ማለት አያቅተውም። ጫማ ጫማውን እያየ ዝም አለ። ቆይቶ «እማ፣ ሶሪ» አለኝ። «ካንቺ ቸርች ወጥቻለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ቤዝመንት ውስጥ የራሳችንን ጀምረናል። ባንቺ ጸሎት አግሪ ማድረግ አልችልም።» ሊፍቱ መጥቶ ወሰደው። እኔ በሩን ይዤ ቀረሁ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ከአባቴ ጋር ዳንፎርዝ ጎዳና፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ እኖር ነበር። እናቴ ካናዳን ሳታይ ሱዳን ቀርታለች። አባባ የሆስፒታል ወለል እየወለወሉ አሳደጉኝ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ስል ሕንፃ የነበረን እንዳይመስላችሁ። በሳምንቱ መካከል ሰዎች ቢንጎ የሚባል ቁማር የሚጫወቱበትን አዳራሽ ነበር እሑድ እሑድ የምንከራየው። ምንጣፉ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። አባባ ከሁሉም ቀድመው ይደርሱና ግድግዳው ላይ ያለውን የቢንጎ ሰሌዳ በነጭ አንሶላ ይሸፍኑታል፤ አራቱን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ያስይዙታል። አንሶላውን የማጥበው እኔ ነበርኩ።

ታምሩ የሚባል ወንድም ነበረን፤ ፕላስቲክ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ። አንድ እሑድ ወደ አንሶላው እያመለከተ «ጨርቅ ኃጢአት አይሸፍንም» አለ። በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው። ከዚያ ኪቦርዱም ኃጢአት ነው አለ፣ ከዚያ የሠርግ ኬኩ፣ ከዚያ የሴቶቹ ጉትቻ። ከላይብረሪ ካመጣው መጽሐፍ ስለ ጥንት እንግሊዞች ያወራልናል፤ ቤተ ክርስቲያናቸው አልጠራ ቢላቸው ተለይተው በየሰው ቤት ተደብቀው እንደጸለዩ፣ እንደታሰሩ፣ በኋላም ባሕር እንደተሻገሩ። እነሱ ባሕር ተሻገሩ፤ እኛ የፊንችን አውቶቡስ ተሳፈርን። በዚያ የጥር ብርድ ሰባት ሆነን ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ ታምሩ አፓርትመንት፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ተሰበሰብን። ሊፍቱ ስለማይሠራ ደረጃውን እየዘመርን ነበር የምንወጣው። ከጸሎት በኋላ ደረቅ ዳቦ በሻይ እንበላለን። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዳቦ በሕይወቴ የለም።

ቃል ኪዳን ጻፍን፤ ሰባታችንም ፈረምን። አንዱ መስመር እንደኛ ላልተለየ ሰው ጸሎት አሜን አንልም ይላል። ታምሩ ሲያስረዳን «አሜን ማለት መፈረም ነው። በማታምኑበት ወረቀት ላይ ትፈርማላችሁ?» አለ። እኔም ብልጥ ነኝ ባይ ነበርኩና ነገሩ እንደ ሒሳብ ግልጽ ሆነልኝ። ስፈርም አባባ ትዝ አላሉኝም።

በመጋቢት፣ በረዶው ጭቃ ሲሆን፣ ከሁለት እህቶች ጋር ለመኖር ወደ ጄን ኤንድ ፊንች እንደምሄድ ለአባባ ነገርኳቸው። አንሶላውን እያጠፉ ነበር። አጥፈው ጨርሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔም እንዳንቺ ወጥቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አባቴ ቄስ ነበሩ። ወንጌል ገባኝ ብዬ ስለያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩብኝ። ሳይመርቁኝ ሞቱ። እኔ እንደሳቸው አላደርግም። ነይ፣ እዚህ ቁሚ።»

ቀኝ እጃቸውን አነሱ። «ጌታ ከፊትሽ ይቅደም። ክፉ አይንካሽ። ጧሪ ቀባሪ ልጅ ይስጥሽ።»

ጠበቁ። ከታች ከምግብ ቤቱ የቁሌት ሽታ ይመጣል። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አራት መቆንጠጫዎች አያለሁ። አልሰማችም ብለው ይሆናል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።

«አሜን አትይም፣ ልጄ?»

«አልችልም፣ አባባ።»

እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «ይሁን» አሉ። ሻንጣዬን ተሸክመው ደረጃውን አወረዱልኝ፤ አውቶቡሱ እስኪመጣም አብረውኝ ቆሙ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላን የገና በዓል ይከበር አይከበር ብለን አራትና ሦስት ሆነን ተከፈልን። ታምሩ ከሦስቱም ተለየና ከሚስቱ ጋር ብቻ ማምለክ ጀመረ። መለየት አንዴ ከለመዱት ማቆሚያ የለውም። እኔ ወደ ዳንፎርዝ ተመለስኩ። አባባ አንድ ቃል ሳይወቅሱኝ ምሳ አቀረቡልኝ። እጃቸውን ግን ለምርቃት ዳግም አላነሱልኝም። በበዓል ሰዉን ሁሉ መርቀው እኔ ጋ ሲደርሱ ግንባሬን ስመው ያልፋሉ። ቂም አልነበረም፤ ደግማ እምቢ ትላለች ብለው ፈርተው ነው። እኔ ደግሞ ይመርቁኝ ማለት አሳፈረኝ። ዛሬ ነገ ስል ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተዘጋ።

አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ «አባባ፣ ይመርቁኝ» አልኳቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ስላለ ግራውን አነሱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። አሜን አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩ። መርቀውኝ ይሁን ውሃ ጠይቀውኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ንጹሕ ነገር መፈለጋችን ክፉ አልነበረም። ናሆምም ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያ ዳቦ እሱንም ጣፍጦት ይሆናል። አባባ ለኔ የለመኑልኝ ጧሪ ልጅ እሱ ነው፤ አሜን ሳልልበት የመጣ።

ትናንት እሑድ መጣ። ምስር ወጡን ጠራርጎ በላና በር ላይ ሲደርስ ቆመ። እጄን ለምርቃት አነሳለሁ ብሎ ፈርቷል፣ ከፊቱ ያስታውቃል። የጃኬቱን ዚፕ ዘጋሁለትና «ደህና ሁን፣ ስትደርስ ኮል አድርግልኝ» ብቻ አልኩት። ሊፍቱ ሲዘጋ ጠብቄ፣ ሲወርድ ሰምቼ፣ በተዘጋው በር ላይ እጄን አነሳሁ። የአባባን ቃል አንድ ሳላስቀር አልኩት። አሜኑንም እኔው አልኩለት። እምቢ እንዲለኝ አልፈልግም፤ እምቢ ያለ ሰው ምን ተሸክሞ እንደሚኖር አውቃለሁ።