ስኳር አለብኝ ብዬ ያፈሰስኩት

ሲጀምረኝ ምንም አላመመኝም። ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ሱሪ እያሳጠርኩ ሆዴ ጉር ጉር አለ፤ ቁርጠትም ትኩሳትም የለም። እስከ ምሳ ሰዓት ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። የሚወጣው ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ከተማው ውስጥ አተት ገብቷል እየተባለ ሲወራ ሰንብቷል፤ እኔ ግን የሌላ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ አስቴር ከፋርማሲ በውሃ የሚበጠበጠውን ኦ አር ኤስ ይዛልኝ መጣች። ፓኬቱን ገልብጬ ሳነብ ግሉኮስ ይላል። እኔ ደግሞ ስኳር አለብኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር የጠጣሁ፣ ሠርግ ቤት ኬክ ሲታደል እጄን ያልዘረጋሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም እንደሆነ አስቴር ታውቃለች። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ጨውና ሎሚ ጨምሬ እሱን ጠጣሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በጠጣሁ ቁጥር ባሰብኝ።

ከሰዓት በኋላ ባቴ ተኮማተረ። ድምፄ ጠፋ። የእጄ ቆዳ እንደተቆነጠጠ ቀረ። በባጃጅ ወሰዱኝ።

የሕክምናው ቦታ በገመድ የታጠረ ድንኳን ነው። ጫማዬ ላይ ክሎሪን ረጩ፤ አስቴርን ከገመዱ ውጭ አስቀሯት። አልጋው መሃሉ ቀዳዳ ነው፤ ከሥሩ ባልዲ አለ። በሁለቱም እጄ ሪንገር የሚባለውን ፈሳሽ ሰኩልኝ። ሰው ሁሉ «ግሉኮስ» ስለሚለው ስኳር እንዳለው ጠየቅኩ፤ የለውም አሉኝ። ከሸራው በላይ የድሬ ፀሐይ፣ ከሥሬ ቀዳዳው፣ በግራና ቀኝ መርፌው። መነሳት አልችልም። ማረፍም አልችልም። ከገመዱ ማዶ አስቴርን በዓይኔ እፈልግ ነበር።

በማግስቱ የደም ሥሩን ፈሳሽ ቀነሱልኝና አንድ ጆግ ኦ አር ኤስ ከነኩባያው አጠገቤ አስቀመጡ። ነርሷ ፊቷን ስታዞር ወደ ባልዲው ደፋሁት። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ አብዲ የሚባል የመጋላ ሰፈር ሰው ነበር፤ ቀፊራ ገበያ እህል ይሸጣል፤ በዚያ ሁኔታው እንኳ ይቀልዳል። እሱም ስኳር እንዳለበት ሲነግረኝ፣ ትልቅ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ሆኜ አፍስሰው አልኩት። አፈሰሰ።

እኩለ ቀን ላይ ቀልዱ ቆመ። ዓይኑ ጎደጎደ። ብጠራው አይመልስም። እኔንም ባቴን እንደገና ያዘኝ። ነርሷ የአብዲን የደም ሥር ፈለገች። አጣችው። ሌላ ክንድ ሞከረች። እዚያም የለም።

ወጣቷ ሐኪም ጆጎቻችንን አየችና፣ ይህን ሁሉ ጠጥተን እንዴት ደረቅን ብላ ጠየቀች። አፈርኩ። አብዲን አየሁት።

«አልጠጣነውም» አልኳት። «እሱንም አፍስስ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አልተቆጣችኝም። የአብዲ ደም ሥር በሦስተኛው ሙከራ ከተገኘ በኋላ መጥታ አስረዳችኝ። ጀርሙ አንጀትን አይበላም፤ የአንጀትን ግድግዳ ወደሸፈኑት ሴሎች መርዝ ይልካል። በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ ኤም ፒ የሚባል መልእክተኛ ኬሚካል አለ፤ በደህና ቀን ትእዛዙን ሰጥቶ ይጠፋል። መርዙ ግን መልእክተኛው ያለማቋረጥ እንዲመረት ያደርጋል። ያኔ የጨው አንዱ ክፍል የሆነው ክሎራይድ የሚወጣበት በር ተከፍቶ ይቀራል፤ ክሎራይዱን ተከትሎ ሌላው የጨው ክፍል ሶዲየም፣ ከዚያ ውሃው ይወጣል። ያው ትእዛዝ ጨው ወደ ውስጥ የሚገባበትን አንዱን በርም ይዘጋል። የእኔ ሎሚና ጨው ያንን የተዘጋ በር ሲያንኳኳ ነው የዋለው። ትእዛዙ የማይደርስበት ሌላ በር ግን አለ፤ እሱ የሚሠራው ጨውና ግሉኮስ አብረው ሲመጡ ነው፤ ውሃም ይከተላቸዋል።

«ስኳር ያለብዎት ደምዎ ላይ ነው» አለችኝ። «አንጀትዎ ግን ያለ ስኳር ጨዉን አያስገባልዎትም። የደምዎን እኔ እየለካሁ እቆጣጠረዋለሁ፤ እርስዎ ይጠጡ።»

አብዲ ዓይኑን ሲገልጥ እንደተሳሳትኩ ነገርኩት።

«ወሪያ፣ አንተ ታደሰ» አለኝ በተዘጋ ድምፅ፣ «አፍስስ ስትለኝ አፈሰስኩ። አሁን ጠጣ ስትለኝ ለምን አምንሃለሁ?»

ኩባያዬን አንስቼ ፊቱ ጨለጥኩ። ጣፈጠኝ፤ ፈራሁም። ሁለተኛ ቀዳሁና ደገምኩ። እሱን ስጨርስ አብዲ እጁን ዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ቀኖቹ ቀለል እያሉ ሄዱ፤ ስኳሬ ከፍ ሲል ሐኪሟ ኢንሱሊን እያስወጋችኝ፣ ባልዲው ውስጥ ያለው እያነሰ፣ አብዲ በሦስተኛው ቀን ቆሞ የነበረው ሽንቱ ሲመጣለት ልጅ የተወለደለት ያህል ለድንኳኑ ሁሉ እያወጀ፣ በአምስተኛው ቀን ሁለታችንም በእግራችን ገመዱን አለፍን። ሐኪሟንና ነርሷን፣ እንዲሁም በዚያ ሙቀት የጎማ ቦት አድርገው ባልዲያችንን ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ይደፉ የነበሩትን ሠራተኞች እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

ይህ በሽታ ለያዛችሁ የምለው፦ ባት እስኪያዝ አትጠብቁ፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጡና እየጠጣችሁ ሂዱ። ስኳር ካለባችሁ ገና በር ላይ ተናገሩ፣ ግን ጠጡ። ያፈሰሳችሁ ካላችሁ ደግሞ አሁኑኑ ለሐኪሞቹ ንገሩ።

አብዲ ለቤተሰቡ የነገራቸው ፊቱ መጠጣቴን ብቻ ነው። ልጆቹ ባገኙኝ ቁጥር አባታችንን ያተረፍክልን እያሉ እጄን ይስማሉ። የቀረውን እስካሁን አልነገርኳቸውም። ይህን ጽሑፍ በመጀመሪያ የምሰጠው ለእነሱ ነው።