ያለ ጨው ያበላኝ ሎሚ

መጀመሪያ ያበጠው ዐይኔ ነው። የጥምቀት ሰሞን አንድ ጠዋት ስነሳ የዐይኔ ቆብ ከበደኝ። በመስታወት ሳየው ሌሊቱን ሳለቅስ ያደርኩ መስያለሁ። የከተማችን የንፋስ መውጫ ብርድ ነው ብዬ ፊቴን በሻሽ ጠቅልዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ስንቆራጠጥ እውላለሁ፤ መቀመጥ አልወድም። በሳምንቱ ጫማዬ እምቢ አለኝ። ካልሲዬን ሳወልቅ ጠርዙ እግሬ ላይ ቦይ ሠርቷል። በጣቴ ተጫንኩት። ጎደጎደ። ቶሎ አልተመለሰም።

ሽንቴም አረፋ ነበረው። ይህን ማንበብ የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ እለፉት። እኔ አፍሬ ሁለት ሳምንት ዝም ስላልኩ ነው የባሰብኝ።

እማ፣ እናቴን እንዲህ ነው የምጠራት፣ «ምች ነው» አለች። ጎረቤቱ ደግሞ «ተመችቷት ወፈረች» አለ። ወፈረች! ሆዴ ሲነፋና ቀሚሴ አልዘጋ ሲል ግን እማ ራሷ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሽንቴን ዲፕስቲክ በሚሉት የመመርመሪያ ወረቀት አዩት። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይናገራል።

«ፕሮቲን ሦስት ፕላስ» አለ። «ኩላሊትሽ ማስቀረት የነበረበትን ፕሮቲን በሽንት እያፈሰሰው ነው። ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ይባላል።»

«እሞታለሁ?»

«መድኃኒትሽን በትክክል ዋጪ። ጨው ተዪ። እብጠቱ እምቢ ካለ ባሕር ዳር ትሄጃለሽ፤ ባዮፕሲ ይሠራልሻል።»

ባዮፕሲ ማለት በመርፌ ከኩላሊት ቅንጣት ወስዶ መመርመር ነው። መርፌው በጀርባ እንደሚገባ ሲነግረኝ ሌላውን አልሰማሁም።

ፕሬድኒሶሎን በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ፍሬ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ። ፉሮሴማይድ ውኃውን በሽንት እንዲያወጣ። ጨው የለም።

እማ ቤት እንደገባን የጨው ዕቃውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። «ሁለት ድስት አልጥድም» አለች። «አንቺ ያልበላሽው ጨው ለኔ ምን ሊያደርግልኝ ነው?» ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም ያለ ጨው በላች። ቢያንስ እንደዚያ መስሎን ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። የነፍስ አባታችን «በሽተኛ አይጾምም፤ ፈትቼሻለሁ» ብለውኛል። እማ ግን ትጾማለች፣ ድስቱም አንድ ነው። ሽሮ ሰኞ፣ ሽሮ ማክሰኞ፣ ሽሮ እሑድ።

እብጠቱ አልወረደም። እግሬ አብለጨለጨ። ጎንበስ ስል ትንፋሼ ይቆረጣል። ሥራ አቆምኩ። ሚዛን ላይ ስወጣ በየሳምንቱ እጨምራለሁ። ያ ሁሉ ውኃ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ዶክተሩ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አየ።

«ፕሮቲኑ ወደ ሁለት ፕላስ ወርዷል። መድኃኒቱ እየሠራ ነው። እብጠቱ ግን ብሷል። ጨው እየበላሽ ነው።»

«አልበላሁም።»

«ኩላሊት አይዋሽም።»

«እኔስ እዋሻለሁ?» አልኩት። ጮኼ ነው መሰለኝ፣ በር ላይ የቆሙት ሁሉ ዞሩ።

እማ ተነሣች። «ዶክተር፣ ማርያምን! አንድ ቅንጣት ጨው አልነካችም። ድስቱ የኔ ነው፣ እኔን ይጠይቁኝ!»

እሱ ወደ ባሕር ዳር የሚልከኝን የሪፈር ወረቀት አወጣ። ስሜን ጻፈ። የአባቴን ስም ጻፈ።

ግፊቴን የምትለካው ሲስተር የአገራችን ሴት ናት፣ ዕድሜዋ ከእማ አይርቅም። ክንዴ ላይ ያሰረችውን ሳትፈታ ወደ እማ ዞረች።

«እናቴ፣ በርበሬው የተገዛ ነው ወይስ ቤት የተዘጋጀ?»

«የራሴ ነው እንጂ!» አለች እማ፣ ቅር ብሏት። «በኅዳር ያስፈጨሁት። ሽሮውም የራሴ ነው። የማንን በርበሬ ላበላት ኖሯል?»

«ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል?»

እማ ሳቀች። «ያለ ጨውማ በርበሬ ይሆናል? ይነቅዝ የለም እንዴ!»

ሳቋ መሐል ላይ ቆመ።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በሽሮውም በበርበሬውም ጨው ስበላ ኖሬያለሁ። የጨው ዕቃው ግን ቁም ሳጥን ላይ ነው።

«ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ለስልሷል። «በርበሬ የለም፣ ሽሮ የለም፣ የሱቅ ዳቦም የለም፣ እሱም ጨው አለው። እብጠቱ ካልጎደለ ይህን ወረቀት ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

ቤት ስንገባ እማ የዓመት በርበሬ ከሞላው ባልዲ አጠገብ ቁጭ አለች። «ልጄን በእጄ» አለች። «እማ፣ ተይ» አልኳት፣ «አልሞትኩም እኮ። የምበላውን ንገሪኝ።»

እሷም አላወቀችም። የቀረን ድንች፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ የባቄላ ንፍሮና እንጀራ ነው። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ያስርባል። የሚያስርበው እንደ ተራ ረሃብ አይደለም፣ ያንቀጠቅጣል። ርቦኝ አለቅሳለሁ፤ የተቀቀለው ድንች ሲመጣ አልውጠውም። ጭቃ ነው። በሦስተኛው ቀን እማ ገበያ ስትወጣ ወንበር ላይ ወጥቼ የጨው ዕቃውን አወረድኩ። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ከተትኩ። ላስኩት። አንድ ጊዜ። ከዚያ መልሼ ሰቀልኩት። ለእማ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ስታነበው ታውቃለች።

በነጋታው ራሴ ወጣሁ። ቤት መቀመጥ ሊገድለኝ ነበር። የፍራፍሬ ነጋዴዋን እትዬ ዘሃራን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ሎሚያቸው ከስማዳ ቆላ ይመጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ፊትሽን ንብ ነደፈሽ?»

«ጨው ነው እትዬ ዘሃራ። ተከልክያለሁ።»

«እና ምን ያስለቅሳል? እኔን ግፊት ከያዘኝ አራት ዓመቴ ነው፤ ጨው ቤቴ አይገባም። ምላስ ሞኝ ነው፣ ኮምጣጣ ስትሰጪው ጨው አገኘሁ ብሎ ዝም ይላል። በይ ከዚህ ውሰጂ። ቆዳው የሳሳውን ምረጪ፣ ወፍራሙ ውስጡ ባዶ ነው። እንዳንቺ ፊት ያበጠ አትግዢ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ሎሚውን ከመቅመሴ በፊት ግን ወደ ሆስፒታሉ ጎራ አልኩ። ሲስተሯ የሰሞኑን የደም ውጤቴን ለዶክተሩ አሳየችውና «ፖታሲየምሽ ደህና ነው፣ ሎሚም ብርቱካንም ይፈቀድልሻል» አለችኝ። ይህን አትዝለሉ። ፖታሲየሙ ከፍ ያለ የኩላሊት ሕመምተኛ ብርቱካንና ድንች ሊጎዱት ይችላሉ። እኔን የጠቀመኝ እናንተን ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከንቱ ሆነ። ችኩል ነኝ፤ ሎሚውን ጠብታ ላለማስቀረት ቆዳው እስኪገለበጥ ጨመቅሁት፣ የውስጡን ፍሬም አብሬ ጨፈለቅሁት። እማ ቀመሰችና «ሬት ነው ያመጣሽብኝ?» ብላ ተፋችው። በሁለተኛው ታገሥሁ። ሎሚውን ጠረጴዛ ላይ በመዳፌ እየተጫንኩ አንከባለልኩት፣ ሲለሰልስ ለሁለት ከፍዬ በቀስታ ጨመቅሁትና በሻይ ማጥለያ አጠለልኩት። ሎሚው ብቻውን ጥርስ ይነቅላል፤ ስለዚህ የግማሽ ብርቱካን ጭማቂ ጨመርኩበት። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ኑግ ዘይት አፈሰስኩ። አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ቃሪያ ደቅቆ። ዘይቱ ግን ከላይ ተንሳፍፎ ቀረ፤ ብመታውም አልዋሐድ አለኝ።

«ሰናፍጭ አድርጊበት» አለች እማ ከማዶ፣ አላይም እንዳላለች ሁሉ።

«ጨው አለው?»

«ፍሬ ነው! ገና አልተወቀጠም! አሁን እኔን መቼም አታምኚኝ።»

እዚያው ወቀጠችልኝ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ። ሁሉንም በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ከትቼ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ አንድ መቶ እስክቆጥር ነቀነቅሁት። ሲከፈት ወፈር ብሎ ቢጫ ሆኗል፣ ዘይቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ስልክ ላይ «ድሬሲንግ» ይሉታል። ትኩስ ድንች ላይ አፈሰስኩት። አንድ በላሁ። ሁለት በላሁ። ሦስተኛውን እማ ቀማችኝና ቆማ በላችው፣ ከዚያ ዞር ብላ በነጠላዋ ዐይኗን ጠረገች። «ሰናፍጩ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱ ከገበታችን አልተለየም፤ ጠዋት በንፍሮ ላይ፣ ቀን በተቀቀለ ጥቅል ጎመን ላይ እያፈሰስን፣ ቲማቲምና ሰላጣውን ደግሞ ፕሬድኒሶሎን የሰውነት መከላከያን ዝቅ ስለሚያደርግ ዶክተሩ ባዘዘኝ መሠረት በደንብ አጥቤ እየቀላቀልኩ እበላ ጀመር። በአራተኛው ቀን ሽንት ቤት መመላለስ ሥራዬ ሆነ፤ በአምስተኛው ቀን ካልሲዬ የሠራው ቦይ ጥልቀቱ ቀነሰ፤ በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ሚዛን ላይ ስወጣ ሲስተሯ «ይሄ ሚዛን ተበላሸ እንዴ?» ብላ አስወርዳ እንደገና አስወጣችኝ። ዶክተሩ የሪፈር ወረቀቱን ከመዝገቤ መሐል አወጣና ለሁለት ቀደደው፤ ከዚያም ረጋ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል፣ «ያን ዕለት ዋሽተሻል ያልኩሽን ይቅር በዪኝ» አለኝ። እኔም ስለ ጮኽሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ግማሹን ከልቤ።

በሐምሌ ፕሮቲኑ ኔጌቲቭ ሆነ። ዶክተሩ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰልኝ ነው፤ በራሴ ብቆርጠው አደጋ እንዳለው ስለ ነገረኝ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ያዳነኝ እሱ መድኃኒት ነው፤ ሎሚ ኩላሊት ያድናል የሚል ሰው ቢመጣባችሁ አትስሙት። ሎሚው ያደረገልኝ እንድበላና እንድታገሥ ማድረግ ነው። ያም ለኔ ዓይነቷ ችኩል ትልቅ ነገር ነው።

ለሲስተሯ፣ ለዶክተሩ፣ ለእትዬ ዘሃራ ምስጋናዬ ይድረስ። እማን እዚህ ላይ አላመሰግናትም፤ ታውቀዋለች። እናንተ ደግሞ ሐኪም «ጨው ተዉ» ሲላችሁ የጨው ዕቃውን ሰቅላችሁ አትቀመጡ። ሽሮው ውስጥ ምን እንዳለ፣ በርበሬው ሲፈጭ ምን እንደገባበት ያዘጋጀችውን ሴት ጠይቋት፤ ሳትቆጡ ጠይቋት።

ዘንድሮ በኅዳር እማ ወፍጮ ቤት ሁለት ጊዜ ሄደች። ሁለተኛው በርበሬ ጨው የለውም፤ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር አስራበታለች። እንዳይነቅዝ ብላ በየቅዳሜው ከፍታ ታሸተዋለች፣ በጣቷ ታገላብጠዋለች፣ እኔንም ጠርታ ታሳየኛለች።

እስካሁን አልነቀዘም።