ግራሶ በጭቃው ዙር

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ግራሶ ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ፣ ከላዩ የሚቆመውን የጭነት መኪና ሁሉ ግሪስ ሲያጠጣ ኖሯል። ሥራው አንድ ሕግ አለው፤ ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ሁሉ እስኪተፋ ድረስ ይሞላል። ግሪሱ በጎን ሲወጣ በዓይኑ ካላየ ጨረስኩ አይልም።

ብስክሌት የጀመረው ሐኪም ስለ ደም ግፊቱ ካስጠነቀቀው በኋላ ነው። መጀመሪያ ብቻውን ነበር፤ ቀጥሎ እዚያው ጋራዥ ቀለም ቀቢ የሆነው የሚስቱ ወንድም ተከተለው። በመጨረሻ መለዋወጫ መደብር የምትሠራው ልጁ ገባችና ሁለቱንም ዳገት ላይ ጥላቸው መሄድ ጀመረች። በተራራ ብስክሌት ውድድር በቡድን እንመዝገብ ያለችውም እሷ ናት። ሦስት ሰው ተራ በተራ አንድ አንድ ረጅም ዙር ይነዳል፣ የእጅ አምባሩን ለተከታዩ ያስረክባል። ከሰዓት በኋላ ጥሩምባው ከተነፋ ወዲያ የሚወጣ የለም፤ አንድ ሰው እንኳ ሳይነዳ የቀረበት ቡድን ውጤት አይሰጠውም። የመጨረሻዋ ተራ የልጅቱ ነበረች። ወራቱን ሙሉ ከሥራ በፊት እየተነሳች የለፋችው ለዚያች አንድ ዙር ነው።

በዋዜማው ግራሶ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፎ ሦስቱንም ብስክሌቶች ገለበጠና ካቴናዎቹን በመኪና ግሪስ ሞላቸው። እስኪተፋ።

«ሰውዬ፣ ብስክሌት ነው ወይስ የጭነት መኪና?» አለች ሚስቱ።

«ብረት ብረት ነው።»

ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ አየችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። በመጀመሪያው ዙር የወጣው ቀለም ቀቢ ከታሰበው በጣም ዘግይቶ፣ በጭቃ ተለውሶ ጥርሱ ብቻ እየታየ ተመለሰ።

«ብስክሌት አይደለም የሰጠኸኝ፣ ማረሻ ነው።»

«ሆድህ ነው የከበደህ» አለው ግራሶ፤ አምባሩን ነጥቆ ወጣ።

ጫካው መሀል ሲደርስ ገባው። ጭቃው ግሪሱ ላይ እየተለጠፈ፣ ቅጠልና ጠጠር እየጨመረ፣ ካቴናው የተቦካ ሊጥ መሰለ። ቀጥሎ ፔዳሉ ቀጥ አለ። ወርዶ በጣቱ ጫረው። የመኪናው ግሪስ ተዘግቶ የሚኖር ነው፤ ይኼ ግን ሜዳ ላይ የተሰጣ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ስለ ራሱ አልነበረም የጨነቀው። የልጅቱንም የቀባው እሱ ነው። ከጥሩምባው በፊት ቢደርስላት እንኳ እዚሁ ጭቃ ውስጥ ልትቀር ነው።

ከኪሱ የማትጠፋውን ፒንሳ አወጣ፣ የካቴናውን መገጣጠሚያ ፈትቶ አወለቀው፣ አንገቱ ላይ አጠለቀው። ዳገቱን እየገፋ ወጣ፤ ቁልቁለቱን ያለ ካቴና፣ በፍሬን ብቻ ተንሸራተተ። አንዲት ተወዳዳሪ አልፋው ስትሄድ ዞር አለች።

«አባባ፣ ካቴናው አንገትዎ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። እዚህ ሆኖ አያስቸግረኝም።»

መግቢያው በር ጋ ሲደርስ የውድድሩ ዳኛ ጥሩምባውን ይዞ ሰዓቱን እያየ ነበር። ቀለም ቀቢው ከጎኑ እየሮጠ፣ «ና እንጂ፣ እንደ ሙሽራ አትጎተት!» ይለዋል። ግራሶ አምባሩን ለልጁ ዘረጋ።

«ቆይ፣ ካቴናው...» ብሎ ጎንበስ ሲል ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ያበራል። ግሪስ የሚባል የለበትም።

«ማን አጠበው?»

«እኔ። ማታ በናፍታ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር፣ አባዬ?» አለችና ፔዳሉን ረገጠች። በሩን አልፋ ጥቂት እንደሄደች ጥሩምባው ተነፋ።

ቀለም ቀቢው ጭቃውን ከጢሙ ላይ እየጠረገ ቆመ። «ይቺ ልጅ! የኛንስ ምነው ሳታጥብልን?»

«እሷ ብትነካው ጠዋት አይቼ መልሼ እቀባው ነበር» አለ ግራሶ።

«የሷንስ?»

«የሷን አላየሁትም። እሷ ራሷ ናት ጭና ያመጣችው።»

ካቴናውን ከአንገቱ አውልቆ ሣሩ ላይ ጣለና ልጅቱ ወደምትመለስበት ቁልቁለት አብረው ወረዱ።