የሃያ ስድስት ዓመት ብጉር

እህቴ አትመጣም!

ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። ለአሮጊቷ ማዳሜ ቁርስ አቅርቤ ስልኬን ስከፍት የእማዬ የድምፅ መልእክት ተቀምጧል። እማዬ መልእክት ስትልክ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ጉሮሮዋን ጠርጋ ነው የምትጀምረው። "እንደምን አደርሽ ልጄ። ታናሽሽ ደላላውን አልሄድም ብላዋለች። ፓስፖርቷንም ተቀብላ መጥታለች። አስራ አንደኛ ክፍል ተመዝግባለች፤ ዩኒፎርም እያሰፋንላት ነው። በይ ደህና ሁኚ።" በቃ፣ ይኸው ነው። ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ዘለልኩ፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። አሮጊቷ ከሳሎን ምን ሆንሽ ብላ ጮኸች። "ማፊ ሙሽኪላ፣ ማማ!" አልኳት። ምንም ችግር የለም። እዚህ አገር ከመጣሁ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ እውነት ሆኖ ሲወጣ ግን ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ደስታዬን ብቻ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ግን እህቴ ለምን እንደቀረች ልንገራችሁ ካልኩ ስለ ፊቴ መጻፍ ግድ ነው። ስለ ፊቴ ስጽፍ ደግሞ አፌ ይመረኛል።

ከሻሸመኔ ስወጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ፓስፖርቴ ሃያ ስድስት ይላል። መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ አረብ አገር መሄድ ካገደ ወዲህ ደላሎቹ በቪዚት ቪዛ ነበር የሚያስወጡን፤ ዘመድ ልትጠይቅ ነው ተብሎ። እዚህ አንድም የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ የተወሰድኩት ዱባይ አጠገብ፣ አጅማን ወደሚገኝ የሠራተኛ ኤጀንሲ ነው። ፊት ለፊት ቢሮ አለው፤ ከኋላ እኛ የምንተኛበት ክፍል። ጠዋት ጠዋት አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰን ቢሮው ውስጥ በተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ እንቀመጣለን። ማዳሞቹ ይገቡና ያዩናል። አንዳንዷ ቁሚ ትላለች፣ አንዳንዷ እጅሽን አሳዪኝ ትላለች። ወንበሩ ላይ ፈገግ ብሎ መቀመጥ ራሱ ሹግል ነው፣ ሥራ ነው፤ ማታ መንጋጋዬን ያመኝ ነበር።

ኤጀንሲው ውስጥ እኛን የምታስተዳድረው አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። በመጣሁ ማግስት ፊቴን በፓውደር ሞላችው፣ በስልኳ ፎቶ አነሳችኝ፣ ከዚያ ፎቶውን በጣቷ እያሸች ታስተካክለው ጀመር። ግንባሬና ጉንጬ ላይ የነበረው ብጉር አንድ በአንድ ጠፋ። ድሮ የወጡት ጥለውት የሄዱት ጉድጓድም ተሞላ። ፊቴ የተላጠ የተቀቀለ እንቁላል መሰለ። "አየሽ እንዴት እንደምታምሪ?" አለችኝ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ያ ፎቶ ለማዳሞቹ ስልክ ተላከ። እኔም ለቤተሰቦቼ ላክሁት። እማዬ አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ እህቴ የስልኳ ፊት ላይ አደረገችው።

ሻርጃ፣ አል መጃዝ የምትኖር አንዲት ማዳም ፎቶውን መረጠች። ፎቶውን ነው የምላችሁ፣ እኔን አይደለም። ማታ በፓውደሬ ገባሁ፤ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ሳሎን ስቆም ማዳሟ ትንሹን ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ይተላለፋል ወይ አለችኝ። አይተላለፍም አልኳት። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ሃያ ስድስት አልኳት። "የእኔ ሴት ልጅ ናት እንዲህ የሚወጣባት፣ እሷ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው" አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ይኼን እመሰክርላታለሁ። የራሴ ሳህንና ብርጭቆ ለየችልኝ፣ ልጇን እንዳልስም ነገረችኝ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ራሷ እየነዳች አጅማን መለሰችኝ። "ፊቷን አጽድታችሁ አምጡልኝ" አለቻቸው። ነጭ ልብስ ላውንድሪ ያስገባች ነው የሚመስለው።

እሷ ከወጣች በኋላ እትዬ ወገቧን ይዛ ፊቴ ቆመች።

"ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ብጉር ታወጣለች? እ? ንገሪኝ እስቲ!"

"እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ራሱ ነው የሚወጣው።"

"ፊትሽ በፓስፖርትሽ ላይ እያሳበቀ ነው! ሌላ ማዳም እንዲህ አድርጋ ከመለሰችሽ ኸላስ፣ በቃ፣ አገርሽ ትገቢያለሽ። እገዳው እያለ ደግሞ ሁለተኛ የሚያመጣሽ የለም።"

አገርሽ ትገቢያለሽ ማለት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ በወሯ የተመለሰች ልጅ ነበረች። ሰው ሁሉ ምን አድርጋ ነው እያለ እስኪሰለቸው ድረስ ሲያወራባት፣ እሷ ግን ከቤት መውጣት ትታ ነበር።

እትዬ መድኃኒቱን አገኘች። አዲስ አበባ የሚሸጡትን ሸቀጥ ዱባይ ካለው የዴራ ገበያ በጅምላ የሚገዙ ነጋዴ ሴቶች ይመጡ ነበር፤ ኤጀንሲው ቢሮ ጎራ ብለው ሳይጫወቱ አይሄዱም። ከነሱ አንዷ ከሻንጣዋ አውጥታ ሰጠቻት። እጀታው የጢም መላጫ ይመስላል። ጫፉ ላይ ትንሽ ጎማ አለች፣ ጎማዋ ዙሪያውን መርፌ ተሰክቶባታል። ሮለር ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፊት ላይ ሲንከባለል ቆዳውን ይወጋዋል፣ ቆዳው ራሱን ሲጠግን ጉድጓዱ ይሞላል። ነጋዴዋ አዲስ አበባ ሙሽሮች ይሻሙበታል ብላ ማለች። የአጠቃቀሙ ወረቀት በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነበር፤ ማንም አላነበበውም። ጠባሳ ብቻ ላለው ፊት እንጂ ገና ብጉሩ ላልደረቀ ፊት እንዳልሆነ ማን ይንገረኝ? መርፌው ረጅም የሆነው ደግሞ ቤት ውስጥ እንደማይነካ ማን ያውቃል? እትዬ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እስኪቀላ ድረስ። ያላ!"

የኋለኛው ክፍል ውስጥ የግል የሚባል ነገር አልነበረም። ማበጠሪያው የጋራ ነው፣ ቻርጀሩ የጋራ፣ ነጠላ ጫማው የጋራ። ሮለሩም የጋራ ሆነ። ብጉር ያለብን አራት ነበርን፤ ተራ ገባን። አንዷ ስትጨርስ ሽቶ እንረጭበትና ለቀጣይዋ እናቀብላለን። ሽቶ ስለሚያቃጥል መድኃኒት መስሎን ነው። ከጉንጭ ጀምሮ ወደ ጆሮ፣ ከግንባር ወደ ታች፣ ብጉሩም ላይ ጭምር። ድምፁ እስካሁን አለ፣ ጭርር ይላል፣ አሸዋ ላይ እንደሚሄድ የሕፃን መኪና። ደም በነጥብ በነጥብ ይወጣል።

"ይቺ ልጅ ፊቷን እንደ ጤፍ ማሳ አረሰችው!" አለች ከአልጋዋ ላይ ሆና የምታየን አንዷ።

"ዘር አምጪ እንዝራ!" አለች ሌላዋ።

"ዝናቡ እሱ ነው፣ አታዪም እንባዋን?"

ሳቅን። እኔም እየደማሁ ሳቅሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖ ከሰው ጋር መሳቅን መተው ይከብዳል።

በማግስቱ ፊቴ አበጠ። ከዚያ መግል ያዘ። በፊት እዚህም እዚያም የነበረው ብጉር መርፌው የሄደበትን መንገድ ተከትሎ በመስመር ተሰለፈ፤ ከጆሮዬ እስከ አገጬ። እሱ ሲደርቅ ጥቁር ነጥብ ትቶ ሄደ፣ ጉድጓዱም ላይ ሌላ ጉድጓድ ጨመረ። እትዬ አንድ ጊዜ አየችኝና ሁለተኛ ማየት አልፈለገችም። ከወንበሩ ተነሳሁ። ማዳም ስትመጣ ወጥ ቤት እንድገባና በሩን እንድዘጋ ታዘዝኩ። ለክፍላችን ልጆች ምግብ እያበሰልኩ፣ አብረውኝ የመጡት አንድ በአንድ ሻንጣቸውን እየያዙ ሲሄዱ በበሩ ቀዳዳ አይ ነበር። እየሄዱ ያሉት ወደ ሰው ቤት ጽዳት ነው፤ እኔ ግን ሠርግ የሚሄዱ ይመስል ቀናሁባቸው። ከምንም በላይ የሚመረኝ ይኼ ነው። ሰው ሊያሳጥበኝ፣ ሊያስጠርገኝ፣ ሊያዘኝ እንዲመርጠኝ ብዬ ፊቴን ወጋሁ፤ ሳይመርጡኝ ሲቀሩ ደግሞ አለቀስኩ።

ያወጣኝ የዓይን ሞራ ነው። አሁን የምሠራላት አሮጊት ሻርጃ፣ አል ተዓውን ነው የምትኖረው፣ ዓይኗ በደንብ አያይም። ልጅዋ ኤጀንሲው ስትመጣ ጉልበት ያላት፣ እናቴን የምታነሳልኝ ነው የምፈልገው አለች። እትዬ እያመነታች ከወጥ ቤት ጠራችኝ። ልጅዋ ፊቴን አይታ ከንፈሯን መጠጠች፣ ሆኖም ወሰደችኝ። ቆይታም ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ዕድሜዬን ስትጠይቀኝ የፓስፖርቴን ነገርኳት፤ ቀና ብላ አየችኝና የነገርኳትን ጻፈች። መጀመሪያ ብጉሩ ይድረቅ አለች። የአንቺ ዓይነት ቆዳ ሲቆስል ይጠቁራል፣ ፀሐይ መከላከያ ሳትቀቢ እንዳትወጪ አለች። መርፌውን ከሰው ጋር ተጋርቻለሁ ስላት ብዕሯን አስቀመጠችና የደም ምርመራ አዘዘችልኝ። ደሜ ንጹሕ ወጣ። የሌሎቹ የሦስቱ ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም። አንዷ አል ዓይን የምትባል ከተማ ሄደች ብለውኛል፤ የሁለቱ ስልክ አይሠራም። ተመርመሩ ልላቸው ፈልጌ የምነግርበት የለኝም።

እህቴ የደወለችው ከዚያ በኋላ ነው። አስረኛ ክፍልን አልፋለች። እልል ልል አፌን ስከፍት "እታለም፣ ልመጣ ነው!" አለችኝ።

"የት?"

"አንቺ ጋ ነዋ! ደላላው ፓስፖርቴን አስወጥቶልኛል። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ እንዴት ነው፣ አረጀሁ?"

ሳቀች። አትምጪ አልኳት። ተማሪ አልኳት። ሥራው ከባድ ነው፣ ሰው የለሽም፣ ከተመለስሽ መውጫ የለም አልኳት። ማን ይስማኝ?

"ብቻሽን ልትበዪው ነው እንዴ ዱባይን?" አለችኝ። "ስትሄጂ ብጉራም ነበርሽ፣ አሁን ፊትሽን እዪው፣ መስታወት መስለሻል! አገሩ ካልተመቸሽ በምን አማረብሽ?"

ዋላሂ፣ ያ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እኔ ከምለው በላይ ይናገራል። በቪዲዮ ስንደዋወልም ስልኬ ራሱ ፊቴን ያለሰልሰዋል፤ እዚህ ሁላችንም እንደዚያ አድርገን ነው የምንደውለው፣ እናት አትደንግጥ ተብሎ። ማዳሟ ያመነችውን ፊት እህቴም አምናዋለች። ማዳሟ ግን ፊቴን ስታይ መለሰችኝ። እህቴ መጥታ ብታየው ማን ይመልሳታል?

ስልኩን ዘጋሁ። ፊቴን በሳሙና ታጠብኩ። ማለስለሻውን አጠፋሁና መብራት ስር ሄጄ በቪዲዮ ደወልኩ።

"ማን ነው ፊትሽ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ የጣለው?" ብላ ሳቀች።

አልሳቅሁም። ስልኩን ወደ ጉንጬ አስጠጋሁት። "ቁጠሪው" አልኳት። ከዚያ የፕላስቲክ ወንበሩን፣ ሳህኔ የተለየበትን ቀን፣ ወጥ ቤት ተደብቄ የከረምኩትን፣ ሮለሩን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ከኋላዋ እማዬ ስልኩን ነጠቀቻት።

"ፊትሽን ምን አደረጉሽ?"

"እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ እማ።"

"ራስሽን? ለምን?"

"እንዲወስዱኝ።"

እማዬ አላለቀሰችም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው መሰለኝ፣ ኮርኒሱን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ የእህቴ ድምፅ መጣ፣ ተቆጥታለች። "እስከዛሬ ለምን አትነግሪኝም ነበር?" ብላ ዘጋችብኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም፣ ስደውልም አላነሳችም። ጠልታኛለች ብዬ ነበር፤ ሄዳም ይሆናል ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።

እኔ አልተመለስኩም። በእውነት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ በወረቀት ሃያ ስምንት፤ ጉንጬ ላይ ያለው መስመር ሐኪሟ እንዳለችው ቀስ ብሎ እየደበዘዘ ነው፣ ጉድጓዱ ግን አለ። ይኖራልም መሰለኝ።

ዜናውን መጀመሪያ የነገርኩት ለአንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ነው። አርብ አርብ አዳራሽ ተከራይተን ስናመልክ መዝሙር የምታስጠናን ናት፤ በሌላው ቀን ዱባይ ውስጥ ሕፃን ትጠብቃለች። ስትሰማ በስልክ ውስጥ እልል አለች። ቀጥላም "የመጪው አርብ ከአምልኮ በኋላ አገር ቤት ታናሽ ያላት ልጅ ሁሉ ትቆይ" አለችኝ። "ፊታችንን እንታጠባለን፣ የስልካችንን ማለስለሻ አጥፍተን ጎን ለጎን ተቀምጠን እንደውላለን። ብቻዋን ለመደወል የምትፈራ ትኖራለች። ላገኘሻት ሁሉ ንገሪ።"

እኔም እነሆ እየነገርኳችሁ ነው። ሻርጃ ሁኚ፣ አጅማን፣ ዱባይ፤ ጴንጤ ሁኚ፣ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፤ አርብ የምትወጪ ከሆነ ነይ። አዳራሹን ካላወቅሽው ዱባይ ሜትሮ ውስጥ ያገኘሻትን ሀበሻ ጠይቂ፣ ታሳይሻለች። አርብ የማትወጪ ደግሞ ካለሽበት ቤት በዚያው ቀን ደውዪ። ፎጣና ሳሙና እኛ አለን፤ አንቺ የታናሽሽን ስልክ ቁጥር ብቻ ይዘሽ ነይ።