ቀሚሱ በፈጣሪ ፊት ተሰፍቷል

ስለ ጊዜ አንዲት ቀጭን ጽሑፍ አሳትሜአለሁ። ስለ ጊዜ ብትሆንም የወጣችው ዘግይታ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ያነበባት ሰው ቢኖር የእህቴ ባል፣ ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። እሱም ባያነባት ይሻል ነበር።

ሰውየው እጁ የተባረከ ነው፤ ቀጠሮው ግን ጭስ። ዕድሜውን አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቀስና "ነገ" የምትባል ቃል ይዞ ኖሯል። ድሮ ደንበኛ ሲሰድበው አንገቱን ይደፋ ነበር። እኔ አርፌ አልቀመጥ ብዬ በዚያች ጽሑፌ፣ "ጊዜ ፍጡር ነው፤ ትናንት የለም፣ ነገ ገና አልመጣም፣ በፈጣሪ ፊት ሁሉም አሁን ነው" ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ወዲህ አንገት መድፋት ቀረ። ሱሪውን ሊወስድ የመጣውን ሰው ቁጭ አድርጎ ያስተምረዋል፤ ሰውየው ሱሪውን ትቶ ይወጣል። እኔም ደቀ መዝሙር አፈራሁ ብዬ ደረቴን እነፋለሁ።

ከዚያ የገዛ ልጁ ልታገባ ሆነ። "ሌላ ሰፊ ጋ አልሄድም፣ አባዬ የሰፋውን ነው የምለብሰው" አለች። በሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ሱቁ ስትመጣ ጨርቁ ከነመጠቅለያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ ስለ ዘላለም እያብራራሁ ነበር።

"አባዬ፣ ቀሚሴስ?"

"በእግዚአብሔር ፊት ተሰፍቷል እኮ የኔ ልጅ። እሱ ዘንድ ነገ የለም። አጎትሽን ጠይቂው።"

ወደ እኔ ዞረች። "እሱ ዘንድማ አግብቼ፣ ወልጄ፣ አርጅቻለሁ። ነገ ቤተ ክርስቲያን ምን ለብሼ ልግባ ጋሼ? ጽሑፍህን?" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሌላ ሰፊ ልፈልግ እንዴ አባዬ?" አለች።

አባትየው እኔን አየኝ። "መልስላት እንጂ።"

"አንድ የዘለልኩት ነገር አለ" አልኩ።

"ምን?"

"ጌታ ራሱ ጊዜ ውስጥ ገብቷል። እንደማንኛውም ሕፃን በእናቱ ማህፀን ወሩን ጠብቆ ነው የተወለደው። ለሐሳቤ አልመች ስላለኝ ተውኩት።"

"ይሄንን ነው የዘለልከው?" መቀሱን አነሳ። "በል ተነስ፣ ያንን ጫፍ ያዝ።"

ቀኑን ሙሉ ቀና ሳይል ሰፋ። ቀኑ አልበቃ ሲለው የቀሚሱን ጠርዝ እንድሰፋ ለእኔ ጣለልኝ።

በማግስቱ ቄሱ ስለ ዘላለም ሕይወት ሲሰብኩ ሙሽራዋ አምሮባት ቆማለች፤ አባቷ ዓይኑን ይጠርጋል። የጊዜ ሊቁ እኔ ግን ስብከቱን አልሰማሁም። የሰፋሁት ጠርዝ በስተኋላ በኩል መተርተር ጀምሯልና፣ "አሜን" ቶሎ እንዲባል እጸልይ ነበር።