በሽርጥ የታሰረ ሳል

የዚያን ቀን ጠዋት ሆዴን በሁለት ሽርጥ ጥፍር አድርጌ አሰርሁት። ምክንያት ነበረኝ፤ የጅል ምክንያትም ምክንያት ነው። ከወር በፊት ባሕር ማዶ ተሻግረን ታናሽ እህቴ አንድ ኩላሊቷን ሰጥታኛለች። ጅቡቲ ከተመለስን ወዲህ ሳል ጀመረኝና፣ ባሳልሁ ቁጥር ስፌቱ ተተርትሮ የልጅቱ ኩላሊት ዱብ የሚል መሰለኝ። ስለዚህ ሳሌን ዋጥሁ፤ ትንፋሼንም ቆጠብሁ። ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈራችን ሙቀት፣ ማራገቢያ ሥር፣ እንደ ታሰረ ጆንያ በጀርባዬ ተጋደምሁ።

እህቴ ከሱቋ ለምሳ ስትመጣ ከንፈሬ ጠቁሮ፣ ግንባሬ ግሎ አገኘችኝ።

«ወንድም ዓለም፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ንብረትሽን እየጠበቅሁ ነው።»

«ዘበኝነት ካማረህ ሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ ሂድና ተቀጠር!» አለችና ሽርጦቹን ፈትታ በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሙ የደረቴን ራጅ አየ። ኩላሊቱ ደህና ነው አለ። በደንብ ያልተነፈስሁበት የሳንባዬ ግርጌ ግን ተጨብጧል፤ አክታ ተኝቶበት ኢንፌክሽን ጀምሮታል። የምውጠው መድኃኒት ሰውነቴ እንግዳውን ኩላሊት እንዳይዋጋ ስለሚያደክመው፣ ጀርሙንም የሚመክት አቅም የለኝም። ካልተሻለኝ መድኃኒቱ ይቀነሳል፤ ከተቀነሰ ደግሞ ኩላሊቱ ሊበላሽ ይችላል። እህቴ ይህን ሁሉ ሰማች። እዚያው ሐኪም ቤት አስተኙኝ።

በነጋታው እህቴ ትራስ ሆዴ ላይ አስታቀፈችኝ።

«ሳል!»

«ቢፈነዳስ?»

«የኔ ነው፣ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ሳል አልኩህ!»

እህ እህ አልሁ፣ እንደ ደጅ ጠኚ። አክታው ንቅንቅ አላለም።

ከጎኔ ባለው አልጋ ላይ ከጭነት መኪና ወድቆ ጎድኑን የሰበረ የወደብ ወዛደር ነበር፤ «ካርቲየ ሰባት ቢስ» የሚባለው ሰፈር ሰው። እሱ መሳቅ አይችል፣ እኔ ማሳል አልደፍር። ከሰዓት በኋላ ሰይጣኔ ተነሣና በሶማሊኛ የአንድ ሀብታምና የፍየሉን ቀልድ ጀመርሁለት። ፍየሉ ታክሲው ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ጉብ ያለበት ቦታ ስደርስ፣ ሰውየው ጎድኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ወላሂ ገደልከኝ! ተወኝ ሽማግሌው!» እያለ እንባው ወረደ። የሱ እንባ እኔን አሳቀኝ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ከእግር ጥፍሬ መጣ። ትራሴን አቅፌ ያ ወፍራም አክታ እስኪወጣ አሳልሁ። እህቴ የአክታ መቀበያውን ሳህን እንደያዘች እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ኩላሊቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲያ ያለ ኀፍረት አሳል ጀመር፤ ትኩሳቱ በረደ፣ መድኃኒቱም ሳይቀነስ ቀረ።

ወዛደሩ ግን «መጨረሻውን እንዳትነግረኝ! ጎድኔ ሲጠገን ቤቴ መጥተህ ትጨርስልኛለህ» ብሎ አስምሎኝ ከሐኪም ቤቱ ቀድሞኝ ወጣ። እኔ ሰው ከሚበዛበት ራቅ ተብዬ እስካሁን ሰፈሩ አልደረስሁም። ባገኘው ሰው ሁሉ ይልክብኛል፦ «ፍየሉ ወረደ ወይ?»

በሰው አፍ ቀልድ አይላክም። ፍየሉ እስካሁን ታክሲው ውስጥ ነው፤ ማውረዱ የኔ ዕዳ።