ከሠላሳ አንድ የሚጀምር ሜትር

ሴትዮዋ በደም ባንክ መዝገብ ክፍል የለጋሾችን ስም በኮምፒውተር መጻፍ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው፤ በየመስመሩ ስም ከመጀመሪያው የፊደል ቦታ፣ የደም ዓይነት ደግሞ ከአርባ አንደኛው ይጻፋል። ፋይሉን የሚቀበለው ማሽን ግን ግትር ነው። የደም ዓይነቱ በአንዲት ፊደል ወደ ቀኝ ከተንፏቀቀ "የለም" ብሎ ይመልሰዋል።

መቁጠር ዓይኗን ያደክማታል። ስለዚህ ሥራ በጀመረች ሰሞን ልብስ ሰፊው ባሏ ከሜትር ላይ ሠላሳ ሴንቲ ቆርጦ ስክሪኑ ግርጌ ለጠፈላት። አንድ ፊደል ልክ ግማሽ ሴንቲ ይይዛል፤ ሃያ ላይ ስትደርስ የደም ዓይነቱን ትጽፋለች፣ አበቃ። ባልደረቦቿ ይስቁባታል፤ እሷ እቴ፣ ደንታም የላት!

ባለፈው ሳምንት ስክሪኗ ተቀየረ። ሜትሩን በጥንቃቄ ልጣ አዲሱ ላይ ለጠፈችውና እንደ ወትሮዋ ሃያ ላይ እየጻፈች ዋለች። የአዲሱ ፊደል በጥቂቱ ቀጠን ማለቱን ማን ይንገራት? ስድሳ ሦስት ለጋሽ የደም ዓይነት እንደሌለው ሆኖ ተመለሰ። ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቢሆንም ጠርታ፣

"እትዬ፣ የሰው ሕይወት ነው። አርብ ከሚልኩት ውስጥ አንድ እንኳ ከተመለሰ ፖስታ ክፍል አዛውርዎታለሁ" አለቻት።

ፖስታ ክፍል ማኅተም መምታት ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ስሙን የጻፈችለት ሰው ሁሉ ዘመዷ ይመስላታል። መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ባሏ ሲሰማ ቱግ አለ።

"የኔ ሜትር ዋሸ ነው የምትይኝ?"

"እኔ እንዲህ ወጣኝ?"

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መሥሪያ ቤቷ ድረስ መጣ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ስክሪኑ ፊት ተንበርክኮ ፊደሎቹን ይለካ ጀመር። የኮምፒውተር ጠጋኙ አጠገባቸው ቆሟል፤ ሽቦ ከአንገቱ ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ ኬብል ይለዋል።

"ፊደሉ እንደ ጨርቅ ጠቧል እንጂ ሜትሬስ ልክ ነው" አለ ባልየው በመጨረሻ።

ኬብል ግን ሌላ ነገር አይቶ ኖሯል። "ጋሼ፣ ይሄ የያዙት ሜትር ከሠላሳ አንድ ነው እንዴ የሚጀምረው?"

"መጀመሪያው እዚያ ተለጥፎ የለ?" አለ ስክሪኑን በአገጩ እያሳየ። "ሠላሳ ቀንሼ እለካለሁ።"

ሴትዮዋ ክው አለች። አዲስ የገዛ ይመስላት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየሰዉ ወገብና ትከሻ ላይ፣ በሆዱ ሠላሳ ሲቀንስ ኖሯል።

"ምነው ሌላ ብትገዛ?"

"ስቀንስ ትዝ ትይኛለሽ። ምን ጎዳኝ?"

ኬብል ወንበር ሳበ። የምትጽፍበት ፕሮግራም ለካ ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ደብቆት ነው። ሴቲንጉን ከፍቶ ጥቂት ነካካ፤ ከታች ጥግ ላይ ስንተኛው ቦታ እንደደረሰች የሚናገር ቁጥር ብቅ አለ፣ ፊደል በጻፈች ቁጥር አብሯት የሚራመድ። ቁጥሩን ለዓይኗ አተለቀላት። አርባ አንደኛው ቦታ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቀጭን መስመር አሰመረላት።

"ቀለሙ ምን ይሁን፣ እትዬ?"

"ቢጫ" አለች፣ "እንደ ሜትሩ።"

አርብ ሁለት መቶ አሥር ስም ላከች። ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ራሷ መጥታ "አንድም የተመለሰ የለም" አለቻት። እሷም ሜትሩን ከስክሪኑ ላጠችና በቀጥታ ወደ ባሏ ሱቅ ሄደች።

"እንካ፣ ከሌላው ጋር ስፋው።"

"ስፌቱ አንድ ሴንቲ ይበላል። ደግሞ በተራዬ እኔ ልብስ ይመለስብኝ?" አለና ወደሚለካው ደንበኛ ዞሮ ትከሻው ላይ ሜትሩን ዘረጋ። "ሰባ ስድስት..."

እሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተሩን ሳበችና ከአፉ ቀድማ፣

"አርባ ስድስት" ብላ ጻፈችለት።